የልጆቼ ሸንኮራ

ሐኪሙ «ክብደት ካልቀነስሽ መፀነሱ ይከብድሻል» ያለኝ ዕለት እልህ ያዘኝ። ድሮም እልኸኛ ነኝ። ባሌም ወሬ ሳያበዛ በማግስቱ የስፖርት ጫማ ገዝቶልኝ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ መንገድ በእግሬ ስኳትን ኖርኩ። ቅቤ ተውኩ፣ ስኳር ተውኩ። ሰርግ ቤት «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ሲሉኝ ጥርሴን ነከስኩ። አርባ ኪሎ ቀነስኩ። ጎረቤቱ «ምነው እንዲህ ሟሸሸች፣ በሽታ ነው እንዴ?» ሲል እኔ ልጄን እያሰብኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ስቡ ሄደ፣ ቆዳው ቀረ። ሆዴ እህሉ እንደወጣለት ስልቻ ይንጠለጠላል፤ ስቀመጥ ጭኔ ላይ ይተኛል። ሙቀት ሲሆን እጥፋቱ ስር ይቆስላል። ጧት ስነሳ እየሰበሰብኩ በመቀነት ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ። ይቆረጥልኝ ብዬ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። «ከወለድሽ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ስታረግዢ መልሶ ይለጠጣል» አለኝ። ልክ ነው ብዬ ለልጄ ቦታ ያዝኩለት። ይኸው አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ቦታው አለ፣ ልጁ የለም።

አምና ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ጠበል ሄድኩ። ሴቶቹ ልብሳችንን አውልቀን ተራ ስንጠብቅ፣ መቀነቴን ስፈታ፣ አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት ሆዴን አዩት።

«እሰይ፣ የወላድ ሆድ» አሉኝ። «ስንት ሰጠሽ ልጄ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ምላሴ አይምረውም ነበር። እሳቸው ግን በደግነት ነው የጠየቁኝ፤ የባሰብኝም ለዚህ ነው።

«አራት» አልኳቸው።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ጠበል ቦታ፣ ራቁቴን ቆሜ ዋሸሁ።

«ይደጉልሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። በዕድሜዬ እንዲያ ከልቤ አሜን ብዬ አላውቅም። ጠበሉ ሲወርድብኝ ማልቀሴን ማንም አላየም።

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ስዞር እኚያው አሮጊት ሸንኮራ ዘርግተው ሲሸጡ አገኘኋቸው። ገና ሳያቸው ልሸሽ ነበር፤ ቀደሙኝ።

«ልጆችሽ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትንሹስ?»

«ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ» አልኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው የኔ ነገር ነው። የደብተሩን ቀለም ሁሉ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም።

እሳቸው አራት ጉማጅ ሸንኮራ መርጠው አሰሩልኝ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ። «ላንቺ መሰለሽ? ለልጆቹ ነው» አሉ። ሚኒባስ ውስጥ ሆዴ ላይ ታቅፌው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣሁ። ለሌላ ሰው ልሰጠው ሳሳሁ።

ቤት ስገባ ባሌ አንዱን መዝዞ ቢላ አነሳ።

«ተው» አልኩት፣ «የልጆች ነው።»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ እጁ ላይ ያለውን ሸንኮራ አየ፣ እኔን አየ። ቢላውን አስቀመጠ። ሸንኮራውን ከሦስቱ ጋር መልሶ ግድግዳው ጥግ አቆመው።