በወረዳው ሰሌዳ ላይ ያየኋት ፊት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናግሬ ተመልሻለሁ። ይቺን ግን ዋጥኳት። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆን የቀለለኝ?

ልጄ ትርሲት ሳታገባ አረገዘችና ተጣልተን ከቤት ወጣች። እኔ ለሰፈሬ ለቀጨኔ ሰው ዓረብ አገር ሄደች አልኩ። ወልዳ፣ ልጇን ሦስት ዓመት አሳድጋ፣ ታማ መሞቷን በሰው በሰው ሰማሁ። ለእድር አልተናገርኩም፤ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ደህና ናት ስል ኖሬ ምን ልበል?

አንድ ቀን መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ሄድኩ። የማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የሕፃን ፎቶ ተለጥፏል። ፀጉሯን ተላጭታ ወደ ጎን ታያለች፤ ትርሲትም ፎቶ ስትነሳ እንዲሁ ነበረች። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ጥበቃውን አንብብልኝ አልኩት። የእናቷን ስም ትርሲት ብሎ አነበበ። ዘመድ ነኝ የሚል በአንድ ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ልጅቷ ለዘለቄታው በመንግሥት ማሳደጊያ እንድትኖር ይወሰናል ይላል አለኝ። ከዚያ ደግሞ ቀለደ።

«እማማ፣ ቅንድቧ የእርስዎን መሰለኝ እኮ። ያውቋታል እንዴ?»

«የት አውቄያት፣ ልጄ» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ከመድኃኔዓለም እስከ መድኃኔዓለም ቀን ቆጠርኩ። ወሩ ካለፈ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳኝ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ተወስኗል አለችኝ። ለምን ሳይመጡ ቀሩ ስትለኝ «ማንበብ አልችልም» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደረጃውን እጄን ይዛ አወረደችኝ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፣ ዝምድናዎን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች ለምስክርነት ይዘው ይምጡ አለችኝ።

ሦስት ጎረቤት። ዳገቱን ስወጣ በየደጃቸው አለፍኩ። አንዷ ግቢና እረፊ እንጂ አለችኝ፤ ትርሲትስ ትደውላለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኳት። ፍርድ ቤቱ አንዴ ወሰነ፤ እኔ ግን ሁለቴ።

አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል። ፊደሉን ከዚያ በኋላ ከሰፈር ልጆች ለቀምኩ። የተለጠፈ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ቆሜ አነባለሁ፤ የቤት ኪራይ ነው፣ የጠፋ መታወቂያ ነው። ከዚያ ማንም ወደማይጠብቀኝ ቤት እገባለሁ። ፀጉሯ አድጎ ይሆን? ማን ይጎነጉንላታል?

ማሩኝ አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ መኖሬንም አታውቅም። እናንተ ግን ማንበብ ያቃታት ምስኪን አሮጊት ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። አውቄያታለሁ።