የኛቾልን ሥራ እኔ ወሰድኩት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ዘልያት ነው የማልፈው። አሁን የምታነቡት እናንተ የመጀመሪያ ሰሚዎቼ ናችሁ። መቅደም የነበረባት ኛቾል ናት፤ ከእሷ በፊት ለእናንተ መናገሬም ሌላ በደል ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የማሻ ከተማ ልጅ ነኝ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚዛን ግቢ ስገባ ለኛቾል ከእኔ አልጋ በላይ ያለው አልጋ ደረሳት። ከደቡብ ሱዳን የመጣች፣ ጋምቤላ ያሉ ዘመዶቿ ያስተማሯት ልጅ ነበረች። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አማርኛ የለመደችው ከእኛ ከዶርም ልጆች ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው። «እህቴ፣ አንተ በላህ?» ትለኛለች። ሌሎቹ ያርሟታል፤ እኔ አላረምኳትም። ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለታችንም የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ እንኳ አልነበረንም። ስለዚህ ከክፍል ስንወጣ አብረን ሥራ ፍለጋ እንዞር ነበር። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ ጃንጥላ ሁለት ሰው ሆነን፣ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን እየሳበው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን፣ ካፌውን፣ መድኃኒት ቤቱን በየተራ እናንኳኳለን። «ተማሪ አንፈልግም፤ ፈተና ሲደርስ ትጠፋላችሁ» ይሉናል። ኛቾልን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ያዩና «ይቺስ የውጭ ዜጋ አይደለችም እንዴ?» ይላሉ። በዚህ ምክንያት የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሰውየው «ቀጣሪ ብቻ አግኚ፤ ፈቃዱን እኛ እናስጨርሳለን» ሲላት ጎኗ ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህን ያዙልኝ። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ደረስን። የቡና ገዢዎችና ጫካውን ሊያጠኑ የሚመጡ ፈረንጆች የሚያርፉበት ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ ብዙነሽ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ እሑድ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጉ ነበር። ሥራው ከጓሮ ማደሪያ ክፍልም አለው። ኛቾል እዚያው አንድ እንግዳ አግኝታ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ በእንግሊዝኛ አጫወተችው። ሰውየው ሳቀ። እትዬ ብዙነሽም ሳቁ። ሥራው የእሷ እንደሆነ ያኔ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

እሷ ሻንጣውን ልታደርስለት ከእንግዳው ጋር ወደ ክፍሉ ስትሄድ እትዬ ብዙነሽ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጅቷን ወድጃታለሁ። ግን የሰው አገር ሰው ናት፤ ነገ ጣጣ እንዳታመጣብኝ። አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ያስጠይቅዎታል እትዬ» አልኩ። «መሥራት አይፈቀድላትም።»

ዝም ቢሉኝ ኖሮ እዚያ ላይ ባቆምኩ ነበር? አይመስለኝም። ምክንያቱም ሳይጠይቁኝ ቀጠልኩ፤ «እኔ ግን እችላለሁ።»

ስንት ጊዜ ለራሴ አፌ ቀደመኝ ብያለሁ! አፌ አልቀደመኝም። ከመናገሬ በፊት የጓሮዋን ክፍል አይቻታለሁ፤ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ የራሴ አልጋ፣ የራሴ መስኮት። አይቼ፣ ፈልጌ፣ ዋሸሁ።

ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ወጥተን ጃንጥላውን ስዘረጋ «እኔን ቀጠረችኝ፤ ያገር ልጅ ነው የምትፈልገው» አልኳት። ይህ ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። በማታውቃት ሴት እንደተጠላች እንዲሰማት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጥቂት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ክንዴን ያዘችና «አንተ ገባህ አይደል? በቃ፣ ጥሩ ነው። አንዳችን ገባን» አለችኝ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ያስተማረችኝም እሷ ናት። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትሆናለች፤ ድምጿን አወፍራ ክፍል ትጠይቀኛለች፣ ሙቅ ውሃ የለም ብላ ትቆጣኛለች። ስሳሳት በሳቅ ትወድቃለች። የወሰድኩባትን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ከራሷ ተማርኩ። ደሞዜን ስቀበል ልብስ ገዛሁላት፤ አቅፋ አመሰገነችኝ። ያን ዕለት ልነግራት እችል ነበር። ሌላም ብዙ ዕለት ነበረኝ።

ክረምት ሲገባ ዶርም ተዘጋ። ማደሪያ ስላልነበራት ጋምቤላ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። ትምህርት ሊከፈት ሲል መንገዱ ተዘግቶ ቆየ፤ ምዝገባው አለፋት፤ ዓመቷ ተቃጠለ። እኔ ክረምቱን በጓሮዋ ክፍል ዝናቡን ከቆርቆሮው ላይ እየሰማሁ በሰላም አሳለፍኩት። እኔ ስመረቅ ከመድረኩ በታች ቆማ እልል አለችልኝ።

በኋላ እሷም ተመረቀች፤ አሁን ቴፒ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች፤ ትዳርም ይዛለች። እኔ እዚያው ቀርቼ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የምበላው እንጀራ ሁሉ ከዚያች ቀን የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። የአክስቷ ልጅ፣ እሷም ከደቡብ ሱዳን መጥታ፣ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። «ሥራ ፈልግላት እህቴ» አለችኝ። «አንተ ሰው አትጥልም።»

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ወዲያው ቀጠርኳት። እትዬ ብዙነሽ አሁን አርጅተዋል፤ በረንዳው ላይ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩና፣ «ቆይ እስቲ፣ ያኔ ለእነሱ አይፈቀድም ብለሽኝ አልነበር?» አሉኝ።

ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች። ለማረም የቀረበልኝ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። እኔ ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ሕጉ ተቀይሯል እትዬ» አልኩ።

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጄን ልትስመኝ ስትል እጄን ሰበሰብኩ። ትሕትና መሰላት።

ያንን የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው ልጅ ናት፣ የተቸገረች ተማሪ ናት እያልኩ ስንት ዓመት ስምራት ኖርኩ። ይህንን የዋሸችው ግን ጠግባ ያደረች፣ የማንንም ሥራ የማትፈልግ ትልቅ ሴት ናት። እሷን በምን ልማራት?

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ቴፒ ኛቾል ዘንድ እሄዳለሁ። ባለቤቷ ቢኖርም በፊቱ እናገራለሁ። ልታለቅስ ትችላለች፣ ልታባርረኝ ትችላለች፤ እንደማውቃት ግን ገና ሳልጨርስ ልታቅፈኝ ነው የምትሞክረው። እንዳታቅፈኝ እለምናታለሁ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ትስማኝ። ድሃ ነበርኩ አልላትም። እሷም ነበረች።