የታደለች ቀይ ጡቦች

ታደለች ጵርስቅላን ትጠላት ነበር ወይ? ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ አብሬያቸው ኖሬ ይህን መመለስ አልቻልኩም። ጵርስቅላ ስትታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትገባው ታደለች ነበረች። ጵርስቅላ አዲስ ጫማ ስታደርግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታንኳኳ የምትውለው እሷው ነበረች።

ግቢያችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ሦስት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት። በአንዱ ክፍል የተነገረ ነገር በኮርኒሱ ላይ አልፎ ሌላው ክፍል ይሰማል። በአንደኛው ዳር እኔ ነበርኩ፤ መካከል ላይ ታደለችና ባሏ ኢታና፤ ከእነሱ ቀጥሎ ጵርስቅላ ከልጇ ከኡርጂ ጋር።

ታደለች ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። መደብ አልነበራትም። መንገድ ዳር ማዳበሪያ አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አራቱን ጫፍ ሰብስባ፣ ተሸክማ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ስትሮጥ ግማሹ በርበሬ አስፋልት ላይ ፈሶባት፣ መኪና ሲሄድበት ቆማ አይታለች። ኢታና የሰው ሚኒባስ ከመገናኛ ወደ መሪ ሰፈር ይነዳል። ጵርስቅላ ግን የአንድ ድርጅት ጸሐፊ ናት፤ ዘነበ አልዘነበ፣ ወር ሲሞላ ደመወዟ እጇ ይገባል። ሁለቱም ሴቶች የነቀምት ልጆች ናቸው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ረቡዕ ማታ በየቤቱ በተራ በሚደረገው የጸሎት ኅብረትም አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።

ወረቀቱን ያመጣው የኅብረቱ መሪ ጌድዮን ነው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በመሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር አትሞ ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ አደለ። ወረቀቱ ላይ ባዶ ጡቦች የተደረደሩበት የአንድ ቤት ሥዕል አለ። ጡቦቹ ልክ መቶ ናቸው።

“አንዱ ጡብ መቶ ብር ነው” አለ ጌድዮን። “መቶ ብር ባንክ ስታስገቡ አንድ ትቀባላችሁ። ቤቱ ሲሞላ አሥር ሺህ ብር አላችሁ ማለት ነው። ግን ሣጥን ውስጥ እንዳትከቱት! በራችሁን የከፈተ ሁሉ የሚያየው ቦታ ስቀሉት። ሰው ሲያያችሁ ትበረታላችሁ።”

“እኔስ ሰው ሲያየኝ እደነግጣለሁ” አለች ታደለች፤ ሁሉም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኳች። “አንተ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የምታበራው የምትጽፈው ነገር ቢኖርህ ነው መቼም። ቀይ እርሳስ አለህ?”

ነበረኝ። ሰጠኋት።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ደስ እያላት ቀባች። በሳምንት አንድ፣ ገበያ ሲቀና ሁለት። ከባንክ በተመለሰች ቁጥር እጇን ታጥባ፣ መስመሩ እንዳያልፍባት ምላሷን ነክሳ ትቀባለች። ችግሩ የጵርስቅላ ወረቀት ነበር። እሱ ለሦስት ሳምንት ባለበት ይቆይና ደመወዝ በወጣ ዕለት አሥር፣ አሥራ ሁለት ጡብ በአንዴ ይሞላል። ያውም በአንድ ቀለም አይደለም፤ አንዱ መስመር ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ መስኮቱ ላይ አበባ። ታደለች ጨው ልትበደር ትገባና ጡብ ቆጥራ ትወጣለች።

“አርባ ሞላች” ትለዋለች ኢታናን።

“ማን?”

“ማን ትሆናለች? ጵርስቅላ ናታ።”

“እንኳን ደስ ያላት።”

“አንተ ደግሞ! ለመሆኑ ሰማያዊ ጡብ የት አይታ ነው?”

ጥር ላይ በርበሬ ተወደደ፤ ታደለችም ሁለት ሳምንት ባንክ ሳትሄድ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ኅብረቱ የሚደረገው እሷ ቤት ነበር። ያን ዕለት የተዋስኩትን ጄሪካን ልመልስ ብገባ፣ ከግድግዳው ፊት ቆማ፣ ባንክ ሳትሄድ፣ በአንድ ቀን አራተኛውን ጡብ እየቀባች አገኘኋት። ዞር ብላ አየችኝና ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

“የሚመጣው ሳምንት ብር ነው። የማስገባውም እኔ፣ የምቀባውም እኔ። ምን ለየው?”

ማታ ጌድዮን ገና ከበሩ ሲገባ ወረቀቱን አይቶ፣ “እኅት ታደለች ጵርስቅላን ልትደርስባት ነው!” ብሎ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨቡ። ጵርስቅላም አጨበጨበች።

የሚመጣው ሳምንት ብር አልመጣም። ቀዩ እርሳስ ግን መጣ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ሰባ አራት ጡብ ቀልቶ ነበር። ባንክ ያለው አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው። የባንኩ ደብተር ከሣጥኑ ሥር፣ ከሠርጓ ቀሚስ በታች ተቀምጧል።

አንድ ማክሰኞ ማታ ኢታና እየተጣራ ገባ።

“ታዱ! ተነሺ፣ ተነሺ! ጋሽ ሰቦቃ መደቡን ሊለቁ ነው!”

ጋሽ ሰቦቃ ሾላ ውስጥ እህል የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። መደባቸው ማዕዘን ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፣ ሚዛንም አብሮ አለ። ታደለች በዚያ ባለፈች ቁጥር ቆማ ታየው እንደነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል።

“ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሉኝ። አምስት መቶውን ከኪሴ ቀብድ ሰጠኋቸው፣ ሰባቱን ሺህ ቅዳሜ ጠዋት።”

“ሳትጠይቀኝ?”

“ምን እጠይቅሻለሁ፣ ግድግዳው ነገረኝ! ሰባ አራት ጡብ! ዛሬ ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ ቆጠርኩት። አራት መቶ ይተርፍሻል፤ ጫማ ግዢበት።”

“ቅዳሜ ባንከፍልስ?”

“ቀብዱ ተበላ፣ መደቡም ሄደ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ተሰልፏል። ለምን አንከፍልም?”

ዓርብ ያላትን ሁሉ ከባንክ አወጣች። የጎደላት ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነው። ሲመሽ ሄዳ ከጵርስቅላ በር ላይ ቆመች፤ እኔ በረንዳው ላይ ልብሴን እየሰበሰብኩ ነበር።

“ግቢ ታዱዬ! ምነው ፊትሽ?”

የታደለች ዐይን ግድግዳው ላይ ነበር። መቶውም ጡብ ሞልቷል። የመጨረሻው፣ የበሩ ጡብ፣ በወርቃማ ቀለም ደምቋል።

“ጨው አለቀብኝ” አለች።

ጨዉን በወረቀት ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያለውን በኮርኒሱ ሰማሁት።

“ኢታና፣ ሃያ ስምንቱ ውሸት ነው።”

“የምን ሃያ ስምንት?”

“የጡቡ።”

“ቀብተሽው የለም እንዴ?”

“ቀብቼዋለሁ። ገንዘቡ ግን የለም።”

አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። “እኔን ልታታልዪ?”

“አንተንማ ረስቼህ ነበር።”

“ታዲያ ማንን?” ቀስ ብሎ ራሱ ደረሰበት። “ጵርስቅላን! አንቺ ለጵርስቅላ ስትቀቢ እኔ ቀብድ ከፈልኩ! በይ ሂጂና ከራሷ ተበደሪ።”

“ከማንም እበደራለሁ፤ ከሷ ግን አልበደርም።”

“እንግዲያው ነገም ማዳበሪያሽን አንጥፊ” አለና አልጋው ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ አንኮራፋ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የታደለች በር ተከፈተ። የጵርስቅላን በር አንኳኳች።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ። ጨው አይደለም።”

ከበሩ ውስጥ የተነጋገሩትን የነገረችኝ ቆይታ፣ ከዓመት በኋላ፣ ከሚዛኗ ጀርባ ቁጭ ብላ ነው። ሁሉንም ነገር ነገረቻት፤ ለምን እንደቀባችው ብቻ አልነገረቻትም። ጵርስቅላ አልጠየቀቻትም። ደመወዝ የወጣው ዕለቱን ነበርና ከቦርሳዋ አውጥታ ቆጥራ ሰጠቻት። “ኪራዩን ሰኞ ነው የምከፍለው፤ እስከዚያ ባንክ ሄጄ አወጣለሁ። አታስቢ” አለቻት።

ታደለች ብሩን ይዛ መውጣት ሲገባት ግድግዳውን አየች።

“ያንቺስ ሞላ” አለች።

“ምኑ? ወረቀቱ?” ጵርስቅላ ዞር ብላ እንደ አዲስ ነገር ተመለከተችው። “እኔማ ከሰቀልኩት ወዲህ ልብ ብዬም አላየሁት። ኡርጂ ናት የምትቀባው፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እርሳሷን ይዛ ትጠብቀኛለች። ሞላ እንዴ?”

ታደለች ይህን ስትነግረኝ በርበሬ እየሰፈረች ነበር፤ እጇ ቆመ። “ዘጠኝ ወር ሙሉ እየሮጥኩ ሳሳድዳት ለካ ቁጭ ብላ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ብታየው ምን ነበረበት?” አለችኝ።

ያን ሌሊት ወደ ክፍሏ ስትመለስ ኢታናን ቀሰቀሰችው።

“አገኘሁ።”

“ተመስገን” አለ፣ ተገላብጦ መልሶ ተኛ።

መደቡ የሷ ሆኗል። ጠዋት ገንዘቡን ቆጥሮ ማስረከብ ብቻ ነው የቀራት። እኔም አሁን ትተኛለች ብዬ መጽሐፌን ገለጥኩ። ግን አልጋው ይንቋቋል፤ ትቀመጣለች፣ ትጋደማለች፣ ደግማ ትቀመጣለች። ስምንት ሰዓት ላይ ለማንም ያልሆነ ድምፅ በኮርኒሱ አለፈ።

“ደግሞ ደግ ናት” አለች። ትንሽ ቆይታ፣ “ደግነቱም ለሷ ተሰጠ” አለች።

ታደለች እንቅልፍ የወሰዳት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው።