አባባ እየጻፉ ነው

ከሀዋሳ የወጣሁት ግማሽ ምርቃት ይዤ ነው። ቀሪው ግማሽ አባባ ጋ ቀረ።

አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝ ሚኒባስ ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ደጃችን ላይ ቆሟል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርተው ጆሯቸውን ወፍጮው ወስዶታል፤ “አሜን” ስንላቸው የሚያዩት ከንፈራችንን ነው። አሜን ካላዩ ደግሞ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። “በሰላም ሂጂ!” አሉኝ፣ አሜን አልኩ። ይሄኔ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋው ዞር አልኩላችሁ! ስመለስ አባባ እጃቸውን ሰብስበዋል።

“ጀርባ ተሰጥቶ ምርቃት የለም” ብለው ገቡ። “በሰላም ተመለሺ” የምትለዋ ሳትባል ቀረች።

ይኸው ጀርመን ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። ብርዱንስ ተዉት፤ እዚህ ዓሣ እንኳ ራስና ጅራት የለውም፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚሸጠው። የሐይቃችን ዳር ዓሣ ለቃሚ ወፍ፣ አባ ኮዳ እንኳ፣ ዞር ብሎም አያየው። የመኖሪያ ፈቃዴ ወረቀት በጎደለ ቁጥር “ምርቃቱ ነው” እላለሁ።

ብደውል አይሰሙኝም፣ ስለዚህ እንጻጻፋለን። “አባባ፣ ጨርሱልኝ እንጂ!” ብዬ እልካለሁ። ስልኬ “እየጻፈ ነው” ይላል፤ ነጥቦቹ ይዘላሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይዘላሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ “ደህና ነን” ትመጣለች። ኧረ በሕግ! አንድ ቀን እንቅጩን ነገሩኝ፦ “ምርቃት እንደ ጆንያ እህል ባንዴ አይራገፍም። አሜንሽን የት ላስገባው?”

አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ ስልኬ ላይ ማፍጠጤን አይተው፣ “ሲጨርሱ ብታነቢው ምን ይጎድልብሻል?” አሉኝ።

“ሰው እየጻፈልኝ ጥዬ ልነሳ? ነውር ነው!”

“ድስቴን ማሳረርሽስ?”

እሳቸውም ጆሯቸው ደከም ብሏል። ከእህታቸው ጋር የሚያወሩበትን ፕሮግራም አሳዩኝ፤ “ላክ” የሚባል ነገር የለውም፣ እዚያ ፊደል ሲነካ ወዲያው እዚህ ይታያል፣ ሲጠፋም ይታያል። ግን ሁለቱም ስልክ ላይ ካልተጫነ አይሠራም። የአባባ አሮጌ ስልክ አልቀበልም ሲል እህቴ ሜሮን የራሷን ሰጠቻቸው።

እሁድ ከሰዓት፣ የሚያዩኝ ይመስል ፊቴን ታጥቤ ተቀመጥኩ። “ጤና ይስጥሽ” መጣ፣ ፊደል በፊደል። አሜን! “ክፉ አይንካሽ።” አሜን! አሜኔን እየጠበቁ፣ ቀስ እያሉ፣ “በሰላም ተመለሺ” ላይ ደረሱ። አሜን ብዬ ስጮህ ወይዘሮ ሄልጋ ድስት አረረ ብለው ሮጠው መጡ።

ጨረስን ብዬ ስነሳ፣ “መቼ ነው የምትመ” የሚል ብቅ አለ። ቆመ። ከኋላው አንድ በአንድ ጠፋ። በቦታው “እዚያው ይመችሽ” መጣ።

“በቅርቡ እመጣለሁ” ብዬ ጻፍኩ፤ ያላለቀው ወረቀቴ ትዝ አለኝና አጠፋሁት። “ደህና ዋሉ አባባ” ልል ጣቴን ሳነሳ፣ ከሀዋሳ ፊደሎች መምጣት ጀመሩ።

አ... ሜ... ን።