በቀኝ በኩል

የአባቴ ግራ ጆሮ የሞተው እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። የዘር ነው፤ አያቴም እንዲሁ ሆነው ነው ያለፉት። ቀኙ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ስለዚህ በጌጃ ሰፈሩ የውርስ ቤት ከወንድሙ ጋር በተካሰሱ ጊዜ፣ ችሎት ውስጥ በቀኙ ተቀምጬ የዳኛውን ቃል የማቀብለው እኔ ነበርኩ። «ምን አሉ?» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ቀጠሮ» ነበር።

«ቀጠሮ ለመስማትማ ምን ጆሮ ያስፈልጋል!» ይላል፤ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ችሎቱ ሁሉ ዞሮ ያየናል። በሀፍረት እሞታለሁ።

ከዳኞቹ ፊት ተቀምጣ የምትጽፈውን ሴትዮ ያየኋት ያኔ ነው። ጠበቃ ይጮኻል፣ ምስክር ያለቅሳል፣ እሷ ቀና እንኳን አትልም። የተባለው ሁሉ ግን እሷ ጋ ይቀራል። በክሱ ተረታን፣ ቤቱ ሄደ። እኔ የዚያች ሴትዮ ወንበር አማረኝ።

ሁለት ማሰልጠኛ አገኘሁ። አንዱ ሜክሲኮ አደባባይ ነው፤ የተቀረጸ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መገልበጥ ያስተምራል። ሌላውን እዚሁ ልደታ አንዲት ጡረታ የወጡ የችሎት ጸሐፊ ከፍተውታል፤ እሳቸው የሚያስተምሩት ችሎት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እየተናገረ መጻፍ ነው። የሜክሲኮውን ናቅሁት። ፊቱን ያላየሁትን ሰው ድምፅ ስለቅም ልኖር? አባቴም ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ከዳኛ ፊት ልትቀመጥ ነው» ብሎ አውጇል፤ እሱ ሲያወራ ደግሞ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል።

የመግቢያ ፈተናው ቀን አባቴ ሸኝቶኝ ደጅ ላይ ቆመ። አስተማሪዋ ሁለት ተማሪዎች አስነሱ፤ ከሳሹን በቀኜ፣ ተከሳሹን በግራዬ አቆሙና የሚያነቡትን ሰጧቸው። ጻፍኩ። ፍጥነቴ ራሴን አስደሰተኝ። አስተማሪዋ የጻፍኩትን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ተከሳሹ የት ሄደ?»

«ተራው የደረሰ አልመሰለኝም» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ተከሳሽ የሆነው ልጅ ለካ ከከሳሹ እኩል ሲናገር ነበር የቆየው። አስተማሪዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሐኪም ይይሽ። እዚህ ግን አልቀበልሽም፤ የሰው ጉዳይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከፎቃችን ሴቶች አንዷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሰላምታ ስለማልመልስ «ኮርታለች» እየተባልኩ ስታማ ነበር የከረምኩት።

ስወጣ አባቴ ጠጋ አለኝ። «ምን አሉ?»

ለእሱ ምስጢር በሹክሹክታ አይነገርም። ታክሲ ጠሪው፣ ፎቶ ኮፒ አንሺው፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ «ጆሮዬ እንዳንተ እየሞተ ነው» ብዬ ልጩህ? አልቻልኩም።

«ቀጠሮ» አልኩት።

ፊቴን አየና ያቺን የጆሮ ቀልዱን ትቶ ወደ ታክሲው መራኝ።

በማግስቱ፣ ማዳመጫ በአንድ ጆሮም ይሰማል ብዬ ሜክሲኮ ልመዘገብ ስነሳ አባቴም ኮቱን ለበሰ። ደረጃውን እንደወረድን እንደ ልማዴ በቀኙ ሆንኩ፤ እሱ እኔን የሚሰማኝ በቀኝ ጆሮው ብቻ ነው። ያን ዓመት አባቴ በክሱ ከተረታ ወዲህ በመኪናው ጫጫታ መሀል አብረን ስንሄድ ዝምተኛ ሆኗል ብዬ ሳዝን ነበር የከረምኩት። በቀኙ ስሄድ እሱ ያለው በግራዬ መሆኑን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

በሩ ላይ ቆም አለ። በጀርባዬ ዞሮ መጣና በቀኜ ሆነ።

«እኔንም የጀመረኝ በግራ ነው» አለ። «መልስ ስትነሽኝ ጊዜ ጠርጥሬ ነበር።»

ከዚያ ያወራ ጀመር፤ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ቤቱ፣ በልጅነቱ እዚያ ግቢ ስለነበረው ዛፍ። ሁሉንም ሰማሁት።

«አባዬ፣ በዚህ በኩል እኮ አንተ አትሰማኝም» አልኩት።

አልሰማኝም። ወሬውን ቀጠለ።