አባዬ የተረጎመው በግ

ጥንቅሽ በጥርሴ በላጥኩ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ሰው ይስቃል። እብደት እንዳይመስላችሁ፤ ባለፈው ገበያ መሃል እንደዚሁ ልጡን በጥርሴ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አባዬ ቆቦ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ሰው ያቀልጥ ነበር። በምስማር ቀዳዳ ከሚገባው ቀጭን ብርሃን በቀር ጨለማ ነው፤ ላብ፣ የጀነሬተር ጭስና ጥንቅሽ ይሸታል። እናቴ በር ላይ ሆና ታስገባለች። አባዬ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይተረጉማል። እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቅር ያለው ሰው ግን አላየሁም።

አንድ የገበያ ቀን የካራቴው ዲስክ ተጫጭሮ አልጫወት አለ። ቤቱ ጢም ብሏል። አባዬ ማንም ነክቶት የማያውቅ አንድ ዲስክ አንስቶ ከተተ። ፊልም ገና መናገር በጀመረበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፁ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? አመድ ነስንሳችሁበት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቀለም ሳይፈጠር የተነሳ ነው፤ ዝም ብለህ እይ!» አለና አባዬ ጀመረ።

አንዲት ሀብታም ሴት ከሠርጓ አምልጣ ሆቴል ትገባለች። እዚያው ሆቴል አንድ ሥራ ፈት ሰውዬ በግ ደብቋል። በጉ ሆቴል ምን እንደሚሠራ ፊልሙ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያማ በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ሁለቱ ደግሞ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ይጣላሉ። አባዬ ለሁለቱም ይናገራል፣ ለሴትየዋ ድምፁን አቅጥኖ።

«በጉ ጥሎሼ ነው፣ ልቀቅ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ነው! ከቆቦ ከተነሳሽ ዋጃ ከተማም አያቆምሽ!»

ይሄኔ ከጎብዬ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ሁለቱ ባልና ሚስት መስለዋቸዋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ሄደው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

«ኧረ በአላህ! ይሄ ሁሉ ጎልማሳ ተጎልቶ የሰው ትዳር ሲፈርስ ያያል? በሉ፣ በጉን እረዱና ታረቁ!»

በዚያው ቅጽበት አንድ የሆቴሉ አስተናጋጅ እየሮጠ መጥቶ አፉን ከፈተ። አባዬ መች ሊያመልጠው! «አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛም የምንሮጠው ቢላ ፍለጋ ነው» አለበት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥንቅሼ ካፌ ወደቀ። ሽማግሌው ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ማቆም አቃታቸው። ማንም ማቆም አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ሰው የበጉን ፊልም እየተመላለሰ አየው። መጨረሻው ላይ ሁለቱ በጉን መሃል አድርገው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ሴትየዋ በቀስታ አንድ ነገር ትለዋለች። አባዬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይላል። ሳቁ ይፈነዳል።

ያቺን ነገር ረሳኋት።

አሁን አባዬ ታሟል። ቀኝ እጁና ምላሱ አልታዘዝ ብለውታል። ሐኪሙ «አናግሩት» አለን፤ ምን ብዬ ላናግረው? ዝም ብሎ ሲያየኝ መቀመጥ አልችልም፤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ያን ጥንቅሽ በጥርሴ ይዤ የቆምኩ ቀን ግን፣ ከገበያ መልስ፣ የበጉን ዲስክ ከሳጥን አውጥቼ ስልኬ ላይ አስገለበጥኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ድምፁን ዘግቼ እኔ መተርጎም ጀመርኩ። ፍሬን የበጠሰው መኪና ጋ ስደርስ በግማሽ አፉ ሳቀ።

ደረጃው ላይ ሲቀመጡ ግን የአባዬ ቃል አልመጣልኝም። የፊልሙን ድምፅ ከፈትኩት። እንግሊዝኛ ተምሬ የለ? ሴትየዋ የምትለው «ደክሞኛል፣ ወደ ቤት እንሂድ» ብቻ ነው። ይሄ ምኑ ያስቃል? እናቴን ጠየቅኳት።

«እኔ በር ላይ ነበርኩ ልጄ፤ ሳቁን ነው የማውቀው።»

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር የምትል?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «በ... በ...» አለ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በሴትየዋ ድምፅ። ጆሮዬን አፉ ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሽ ብቻ። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሱስ ትዝ ብሎታል። በገዛ ቀልዱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

እኔም እጁን ይዤ፣ ምን እንዳለ ሳላውቅ፣ ማቆም እስኪያቅተኝ ሳቅኩ።