የአያ ደሴ ቅሎች

ወረታ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ደረቅ ባቄላ ከጣሳ ወደ ቅል ስትገለብጥ ድምፁ አቆመኝ። ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ እኔ ግን አያ ደሴን እያሰብሁ ነበር።

አያ ደሴ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ የሩዝ ገለባ የሚሸት። በልጅነቴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ወደ ሜዳው ሲወጣ፣ ግድቡ በማን ማሳ በኩል እንደሚከፈት የሚወስነው በየዓመቱ የምንመርጠው የውኃ አባት ነበር። መንደሩ በየዕጩው ጀርባ ይሰለፋል፤ ረጅሙ ሰልፍ ያሸንፋል። አንድ ዓመት እኛ የታች ሰፈሮች ለሁለት ዕጩዎች ተከፈልንና ብዙው ሰው የማይፈልገው ሦስተኛው ተመረጠ። በዚያ ክረምት ውኃውን በእኛ ላይ ለቀቀው፤ ቡቃያችን በደለል ተቀበረ። እናቴ ያን ዓመት ስትስቅ አላየኋትም።

በዓመቱ አያ ደሴ ለየዕጩው አንዳንድ ቅል ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ከአጥር ጀርባ ገብቶ፣ የውኃ አባት ቢሆንበት በማይከፋው ዕጩ ሁሉ ቅል ውስጥ አንዳንድ ባቄላ ይጣል፤ ብዙ ባቄላ ያገኘ ያሸንፋል አሉ።

ክርክር ከሚቀርበት ምሳው ቢቀርበት የሚመርጠው አባቴ ተነሣ። «አንድ ሰው እንዴት ለሁለት ይመርጣል? ማጭበርበር አይደለም?»

«ባንድ ቅል ሁለት ብትጥል ማጭበርበር ነው» አሉ አያ ደሴ። « ለሁለት ሰው አንዳንድ መጣል ግን ለሁሉም ተፈቅዷል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።»

«ለሁለተኛው የጣልሁት የምወደውን ሰው ቢያሸንፍብኝስ?»

አያ ደሴ ቅሎቹን እየደረደሩ መለሱለት። «ያሸንፍብህ ይሆናል፤ አልዋሽህም። ግን የምትችለው ሰው ይዳኝሃል። የአምናውን ችለኸዋል?»

አባቴ ተቀመጠ።

«እርስዎም ዕጩ ነዎት፤ ዘመድዎም ብዙ ነው። ለራስዎ ያበጁት ነው» አለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት። ሁላችንም ያሰብነው እሱኑ ነበር።

«ሲቆጠር ይታያል» ብቻ አሏት።

ሲቆጠር ተሸነፉ። በሰልፍ ቢሆን ረጅሙ የሳቸው ነበር። ያሸነፈው ከላይም ከታችም ሰፈር የማይጠላ አንድ ዝግተኛ ገበሬ ነው። ክረምቱ ሲከፋ ያ ሰው ሜዳውን ዞሮ አየና፣ ጥቂት ቤት የሚጎዳው በአያ ደሴ ማሳ በኩል ቢከፈት ነው ብሎ ወሰነ። አያ ደሴ ዶማቸውን ይዘው ግድቡን ቀድመው ናዱ። ያ ያማረ ሩዛቸው ዓይናችን እያየ ሰጠመ።

አባቴን አላስቻለውም። «ቅሉ ባይመጣ ወሳኙ እርስዎ ነበሩ። አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል እንጂ» አሉ ጭቃውን ከእጃቸው እየጠረጉ። «ግን እኔም በዚህ ሰው ቅል ባቄላ ጥያለሁ።»

አያ ደሴ ካረፉ ቆይተዋል። መንደራችን ዛሬም በቅል ይመርጣል። አባቴ ዛሬም ስለ ቅሉ ይከራከራል፤ ምርጫ ሲደርስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ባቄላ የሚለቅመው እሱ ነው። ከገበያዋ ሴት ጥቂት ባቄላ ገዛሁለት።